ሽመላው ሳይመጣ

መምህርቷ ክንዶቿን ማንቀሳቀስ አቃታት። የሰባተኛ ክፍል ልጆቿ ደረታቸው ላይ አንዳንድ ቃል ለጥፈው፣ ባለቤትን ከግስ ለማገናኘት በአገሩ ልማድ በመጋቢት ለገድ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ቀይና ነጭ ክር ሲወራወሩ መሀል የቆመችውን እሷን ጠፍረው አሰሯት። ኋላ የተቀመጠው፣ የሥራ ውሏን መታደስ የሚወስነው ተቆጣጣሪ ሰዓቱን አየ።

«ይሄ ትምህርት ነው ጨዋታ? በሉ ቁረጡላት!»

መቀስ የያዘችው ዝላትካ አልተነቃነቀችም። «ኧረ ጋሼ! የጸደይ ሽመላ ሳይታይ ይሄ ክር አይቆረጥም። ለቲቸር ገድ የለውም።»

«እስኪመጣ ምሳ እናመላልስላታለን!» አለ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷ ግን በተነፈሰች ቁጥር ክሩ ይበልጥ ያዛት።

ተቆጣጣሪው ተነስቶ መጣና መቀሱን ከልጅቷ ተቀበለ። እጁን ወደ ክሩ ሲዘረጋ የኮቱ እጅጌ ተሰበሰበ፤ አንጓው ላይ ትንሽ ልጅ የቋጠረችው የሚመስል ቀይና ነጭ ክር ታየ። ልጆቹም አዩት፤ ሳቁም ቆመ። መቀሱን ኪሱ ከተተና የክሩን ጫፍ ፈልጎ ያዘ።

«ከመጨረሻው ቃል ጀምረን እንፍታው» አለ። «ማን ጋ ነው?»