ግድግዳዬ ላይ ያለችው ልጅ

እዚህ ካናዳ፣ እኛ ትምህርት ቤት፣ ልጅ ሲጠየቅ የሚመልሰው ራሱ ሳይሆን ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምስሉ ነው። ልጅ እንዳይሳሳት ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። እኔ ኦጂብዌ ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ስለሆንኩ ምስሌ የላባ ዘውድ ደፍታ ፈረስ ላይ ተቀምጣለች። እኛ ቤት እንኳን ፈረስ ድመትም የለም።

መስከረም ላይ ቲቸር፣ «ዋሴያ፣ የሕዝብሽን ተረት ንገሪን» አሉኝ። እኛ ዘንድ ተረት የሚነገረው በረዶ መሬቱን ሲሸፍን ብቻ ነው። ያለጊዜው ያወራ ሰው አልጋው ውስጥ እንቁራሪት ይገባበታል ይላሉ አያቴ። «አሁን አይሆንም» ልል አፌን ስከፍት ምስሌ ቀደመችኝ፤ በኔው ድምፅ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ተረት አወራች። ተጨበጨበላት። ቤት እንደገባሁ እየፈራሁ ብርድ ልብሴን ገለጥኩ። ምንም የለም።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት አያቴ ምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝና፣ «እንግዲህ ተፈቀደ! የትኛውን ላውራልሽ?» አሉኝ።

የምፈልገውን አውቀዋለሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ዞሬ የወጥ ቤቱን ግድግዳ እያየሁ ጠበቅኩ።

አያቴ ባዶውን ግድግዳ አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ። እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙ።

«ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«እኔን» አልኳቸው።