ለሙከራ የተወሰደው ስልክ

አንድ ሰው ሊኑክስ በተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ስልክ ከባልደረባው ለሳምንት ሙከራ ተቀብሎ፣ ልግዛው ወይስ ልመልሰው እያለ ያሰላስል ነበር። በኪስ የሚያዝ ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ባለቤቱን ማንም አይሰልለውም። ሳምንቱም እጅግ ሰላማዊ ሆነለት።

እሑድ ዕለት እድሩ በሰው አስጠራው። ሐሙስ በሰፈሩ ለቅሶ ነበረ፤ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ያለው ግን በእሱ እጅ ስለሆነ ለቀስተኛው ዝናብ ሲወርድበት ውሏል።

«ስንደውልልህ ዋልን እኮ! ምነው ዝም አልከን?» አሉ ሊቀመንበሩ ጋሽ ዘርጋው።

«ጥሪ ሲመጣ አያሰማም፣ ጋሼ። የመደወያው ፕሮግራም ገና አልተጠናቀቀም።»

«ታዲያ ምኑ ነው ስልክ የሆነው?» አሉ አንዲት እናት። ጉባኤው በሳቅ አውካካ።

ከእድሩ ይሰረዝ ተብሎ ድምፅ ሊሰጥ ሲል የጋሽ ዘርጋው ስልክ ጮኸ። ዘጉት። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ይህኔ የሰውየውን ስልክ ተቀብለው ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ ልጁን እንማረው» አሉ በመጨረሻ።

ሰውየው ቁልፉን አስረክቦ በአባልነቱ ጸና፤ ስልኩንም ላለመግዛት ወሰነ።

በማግስቱ ጋሽ ዘርጋው ገዙት።