በጨው የተገዛ ቤት

አከራዬ እትዬ አስካለ ስንት ዓመት ሙሉ ማድ ቤቴ እየገቡ፣ ሳያስፈቅዱ ድስቴን ከፍተው ወጤን ይቀምሱ ነበር። "ጨው በዝቷል፣ ብርቄ!" ይሉኛል። ድስቱ የኔ፣ ጨዉ የኔ! ግን የሰው ቤት ነውና ዝም እላለሁ። የራሴን ቤት የፈለግሁት በዚህ ነው።

የቤት ብድር በምላስ ጣዕም መከፈል ከጀመረ ቆይቷል። ባንክ ያለችው ልጅ ደጋግማ አስረዳችኝ።

"እናቴ፣ ለኮንዶሚኒየም የጣፋጭን ጣዕም ነው ከምላስዎ የምንወስደው፤ ብድሩ ሲያልቅ ይመለስልዎታል። ግቢ ላለው ቤት ግን የጨውን ነው፤ እሱ አይመለስም።"

"ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ጣፋጩ ሲመለስ፣ ጣፋጭ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"እሱን እንኳ ጠይቆን የሚያውቅ የለም" አለችኝ።

ኮንዶሚኒየም ደግሞ ሰው በላዬ ሲረማመድ ልሰማ ነው። ግራ እንደገባኝ ግቢ ያለውን አልኩና ፈረምኩ።

ቤቱ ጥሩ ነው፤ ማንም ዘው አይልብኝም። ትናንት የልጄ አማቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጡ ነበርና ዶሮ ሠራሁ። ጨው ጨምሬ ቀመስኩ፣ ምንም። ደግሜ ጨመርኩ፣ ምንም። ኋላ መጨመሬንም ተጠራጠርኩ። ማንን ላስቀምስ? ጎረቤቱ ሁሉ እንደኔ ግቢ የገዛ ነው። እትዬ አስካለ ብቻ ቤታቸውን ከአባታቸው ስለወረሱ ምላሳቸው አልተነካም።

ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ ታክሲ ያዝኩ።

በሩን ከፍተው እኔንም ድስቱንም አዩ። "ደግሞ ምን ሆነሽ መጣሽ?"

ክዳኑን ራሴ አነሳሁላቸው።

"ይቅመሱልኝ" አልኳቸው።