ከበሩ ጠረጴዛ እስከ መስኮቱ ጠረጴዛ

«ሾርባው ትኩስ ነው» ይላል ቄስ ታሎክ።

«አዎን፣ በጣም ትኩስ ነው» ይላል ሚስተር ሃርቦትል።

ትኩስ አይደለም። ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ አንዴ ጨው ሲቀባበሉ፣ አንዴ ዝናቡን ሲያዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ሁለት የተማሩ ሰዎች እንግዳ ማረፊያዬ መስኮት ሥር ተቀምጠው ቃል አጥተዋል። ትሪ ይዤ በመሃላቸው ስመላለስ የማፍረው ግን እኔ ነኝ።

እነዚህ ሰዎች እኮ ወዳጆች ናቸው። ሳይተያዩ ከአሥር ዓመት በላይ በየሳምንቱ ሲጻጻፉ ኖረዋል። ፖስታ የሚወርደው እኔ ቤት ስለሆነ የሃርቦትልን የእጅ ጽሑፍ ከሟቹ ባሌ ጽሑፍ ይበልጥ አውቀዋለሁ። ጠባቸው ከቤቴ ጀርባ ኮረብታው ላይ ብቻውን ስለተቀመጠ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው። ዘሩ ከዚህ አገር አይደለም፣ ከሩቅ የመጣ ነው ይላሉ። ሃርቦትል ጎርፍ ነው ያመጣው ባይ ነው። የኛው ቄስ ደግሞ፣ ቄስ ሆኖ የኖኅን ውሃ ትቶ፣ የለም፣ ድሮ ምድሩን የሸፈነ በረዶ ነው የገፋው ይላል። በዚህ የተነሳ ወረቀት ላይ ያልተባባሉት ነገር የለም። ዛሬ ሃርቦትል ድንጋዩን አብሮት ሊያይ ከዮርክሻየር ድረስ መጣ። ተጨባበጡ። ከዚያ ወዲህ ሾርባው ትኩስ ነው።

ሃርቦትል ይነሳና ኮሪደሩ ላይ ይደርስብኛል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ወይዘሮ ኪኒር፣ ተመላሹ ሰረገላ መቼ ነው የሚነሳው?»

«አሁን ነው፤ ፈረስ እየቀየሩ ነው። ምነው? ገና መምጣትዎ አይደል እንዴ?»

«ሻንጣዬን ያስጭኑልኝ።»

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋዩ ይቅር!» ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «የሚጽፍልኝ ሰው ይሄ አይደለም። የሚጽፍልኝ ሰው ባለፈው ወር፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ጭቃ ገና አልረጋም ብሎኛል። ሚስቴ የሞተች ጊዜ ሌላው ሁሉ እግዜር ያጽናህ ሲለኝ፣ እሱ ብቻ ስለ ጠጠር ሦስት ገጽ ሙሉ ሰደበኝ። ያን ቀን ነው እህል የቀመስኩት። ይሄኛው እርስዎ እያለ ጨው ያቀብለኛል! እስከ ነገ ከቆየሁ፣ ከእንግዲህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚታየኝ ይሄ ነው። ያኛውን አጣዋለሁ። ሌላ ወዳጅ ደግሞ የለኝም።»

ሰው ሲያሳዝነኝ እቆጣለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው።

«እና ይጻፉለታ!»

«ቤቴ ስገባ ነዋ።»

«ቤትዎ ድረስ ምን አስኬድዎት? ወረቀቱ እዚህ፣ ቀለሙ እዚህ። ፖስታ ቤቱም እኔው ነኝ።»

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጠዋለሁ። ሻንጣውንም አስጭናለሁ፤ ካለኝ አልወጣም። ለአፍታ ያቅማማና ብዕሩ መሮጥ ይጀምራል። ሲጨርስ ያጥፈዋል፣ አድራሻውን አሟልቶ ይጽፍበታል።

«ቴምብር ያስፈልገዋል?» ይለኛል፤ የምሩን ነው።

«ከበር እስከ መስኮት በነፃ ነው።»

መንገዱ አጭር ቢሆንም ማንበቤ አይቀርም። «ውድ ታሎክ፤ አገርህ ገባሁ። እዚህ ምድር ላይ አንድ ጊዜ በረዶ ነበር ስትል ሞኝ እልህ ነበር፤ ይቅርታህን። ትራፊውን ዛሬ ሾርባው ውስጥ አገኘሁት» ይላል። ሾርባዬን! ልቀድደው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቄሱ ያነባል፤ እንግዳውን ከጨበጠ ጀምሮ ቀልቶ የነበረው ጆሮው ቀስ በቀስ ወደ መልኩ ይመለሳል። አብረን ስላደግን አንቱ ማለቱ አይሆንልኝም።

«ግሪዘል፣ ብዕር አለሽ?»

«አርቺ፣ ሰውዬው እኮ እዚያ ነው ያለው። አፍ አውጥተህ አትነግረውም?»

«ሳየው ይጠፋብኛል። ምን ዓይነት ጨዋ ፊት ነው እግዜር የሰጠው! ያንን ፊት እንዴት አድርጌ ነው ደደብ የምለው? በይ ብዕር ስጪኝ።»

መልሱን ይዤ እመለሳለሁ። «ውድ ሃርቦትል፤ ከሰረገላ ስትወርድ አይቼሃለሁ። ይሄ ሁሉ ዝናብ ኮፍያህን እንኳ ከራስህ አላነቃነቀም። ውሃ ነው ያንን ድንጋይ ኮረብታ ላይ ያወጣው የምትለኝ?»

ሃርቦትል በአፍንጫው ያጉረመርማል፤ ሌላ ወረቀት ይስባል። ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። «የዮርክሻየሩ ሰውዬ!» እያለ ነጂው ይጣራል። ሃርቦትል ቆሞ ይጽፋል፣ ቆሞ ያጥፋል፣ ካፖርቱን እየለበሰ ወረቀቱን እጄ ላይ ይጥለዋል።

«ይስጡልኝ። ቸር ሰንብት ብሏል ይበሉልኝ።»

ይሄኛውን ለማንበብ ጊዜ የለኝም። ሮጬ አቀብለዋለሁ።

ቄሱ ይከፍታል። ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ሾርባው ጭኑ ላይ ይደፋል፣ እሱ ግን አያየውም። ኧረ ጌታዬ፣ እየሳቀ ነው! እንባውን በጠረጴዛ ልብሴ ይጠርጋል፣ ወደ ላይኛው መስመር ይመለሳል፣ እንደገና ይንተከተካል። ሰው መኖሩን ረስቶታል።

«ለካ እንዲህ ነው» ይላል ሃርቦትል ከበሩ።

«ምኑ?»

«አሥር ዓመት ሙሉ፣ ይስቅ ይሆን እያልኩ ነበር የምጽፈው። አይቼው እኮ አላውቅም።»

ነጂው በሩን በርግዶ ይገባል። «ሰውዬው ይሄዳል አይሄድም?»

«ሻንጣውን አውርድ» እለዋለሁ።

«ማን አለ?»

«እኔ!»

ነጂው ወደ ሃርቦትል ይዞራል፤ ሃርቦትል ግን አይሰማውም። አንድ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ከቶ፣ ሌላውን ሳያስገባ እንደቆመ ነው። ዓይኑን ቄሱ ላይ ተክሎ፣ ቄሱ የሚያነበውን መስመር በመስመር በከንፈሩ ይከተላል።