የባንጋሎሩ ፀጉር ቤት

በ1997 ዓ.ም. አሮን ፋርማሲ ሊማር ሕንድ፣ ባንጋሎር ሄደ። አባቱ መምህር ባዳቾ ሶዶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ለመላክ ቤታቸውን ሸጠው ኪራይ ገቡ።

እዚያ የአገሬው ፀጉር ቆራጮች የአፍሪካ ተማሪዎችን ፀጉር መቁረጥ አያውቁበትም። አሮን ያውቅበታል። መኝታ ክፍል የሚጋራው፣ ለሶዶ ቅርብ የሆነችው የሻንቶ ልጅ ጦና፣ "እስቲ እኔን አስተካክለኝ" ሲለው ተጀመረ። በሁለተኛው ዓመት አሮን ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ መስታወት ሰቅሎ፣ ሁለት ወንበር አስገባ። ቅዳሜና እሑድ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ጦናም አልፎ አልፎ ያግዘው ነበር። የተማሪ ቪዛ ንግድ እንደማይፈቅድ ሁለቱም ያውቃሉ።

ቀስ በቀስ አሮን ክፍል መግባቱን ተወ። ከወንበሮቹ መሃል ቆሞ ፎቶ ተነሣና ለአባቱ ላከ። "አባዬ፣ ከእንግዲህ ለእኔ አታስብ" ብሎ ከጀርባው ጻፈበት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ኮሌጁ ቢሮ አስጠራው።

"ስለ ሱቅህ ደብዳቤ ደርሶናል" አለው ኃላፊው።

"ከማን?"

"በደንብ ከሚያውቅህ ወገንህ።"

በሳምንቱ ፖሊስ ፀጉር ቤቱን አሸገ። አሮን ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ። ጦናን ማንም አልነካውም። አሮን ሻንጣውን ሲያስር ጦና እያለቀሰ አገዘው፤ አሮን ግን እንባውን አላመነውም።

ሶዶ ሲደርስ መምህር ባዳቾ አቅፈውት ብዙ ቆዩ። ምን ገጠመህ ብለው አልጠየቁትም። ጦናን በረገመ ቁጥር ግን፣ "ያላየኸውን አትናገር" ይሉታል።

የጦና እናት ወይዘሮ ዓመለወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ሁለት ጊዜ ከሻንቶ መጡ።

"ልጄ በእግዚአብሔር ስም ምሏል" አሉ። "ያለ አባት ነው ያሳደግኩት። ሊመረቅ አምስት ወር ቀርቶታል። ታረቀው፣ አትርገምብኝ።"

አሮን ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። መምህር ባዳቾ አንገታቸውን ደፍተው እንግዶቹን እስከ ባጃጁ ሸኙ።

ለምርቃቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጦና ያለ ዲግሪ ሶዶ መናኸሪያ ወረደ። እናቱ በዚያው ቀን ታመው ተኙ። ወሬውን አሮን እየሳቀ ለአባቱ አመጣ።

"ምን ያስቅሃል?" አሉ መምህር ባዳቾ።

"እኔም ለኮሌጁ ጻፍኩበት። ጦናም አብሮኝ ይቆርጥ ነበር አልኳቸው። እንደጻፈብኝ ጻፍኩበት፤ አሁን እኩል ሆንን።"

መምህር ባዳቾ ከባንጋሎር የላከላቸውን ፎቶ አውጥተው ፊቱ አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ወደ ትምህርቱ መልሱልኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"