ከግድግዳው ማዶ ያለው እጅ

ኑ፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ ልጆቼ። ጂንካ ውስጥ አስቻለች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አበጀ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልባት፣ ልቤን ቀለል ይለኝ እንደሆን ብላ አሮጌውን ዕቃ ሁሉ አውጥታ ጣለች። ምርጊቱ የረገፈውን ግድግዳም ራሷ ልትመርግ ጭቃ በጭድ አቦካች።

ምርጊት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውስጥ ሲለጥፍ ሌላው ከውጭ ካልደገፈ፣ ጭቃው በእንጨቶቹ መሃል ሾልኮ ይወድቃል። አስቻለች ግን ገና ስትጀምር ከውጭ የሚደግፍ እጅ መዳፏ ላይ ተሰማት። ጎረቤቷ መሰለቻት።

«እንኳን መጣሽ ሙሉሽ፤ ቤቱ ሊውጠኝ ነበር» እያለች ስታወጋ፣ ሙሉሽ በበሩ ገባች።

«ደግሞ ከጭቃ ጋር ማውራት ጀመርሽ? በጓሮ ዞሬ ነው የመጣሁት፤ ማንም የለም።»

አስቻለች መዳፏን አላነሳችም። ከማዶ ያለው እጅ ቀስ ብሎ ተጫናት።

«ዝም በይ፣ እንዳይሄድብኝ» አለች።

ብቻችሁን ስትመርጉ፣ ልጆቼ፣ እሷን አስቡልኝ።