የገንዳው ጨው

ባሕሩ ከሞተ ወዲህ ኮራል የሚባለው ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ በሕይወት የሚገኘው በየሰው ቤት፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው። የሚታደለው ጨው ሁሉ ለገንዳው ስለሚውል ልኬለሽና ባሏ ሽመክት ወጣቸውን ያለ ጨው መብላት ለምደዋል። የእነሱን ኮራል በገዛ እጇ ከባሕር ያወጣችው ሟች ልጃቸው ምንትዋብ ነበረች።

አንድ ቀን ኮራሉ አጠገብ አበባ የመሰለች ቡናማ ነገር በቀለች። ሽመክት «ወለደ እኮ» ብሎ በየጠዋቱ እየመገበ አሳደጋት። ተባይ መሆኗን ያወቀው ኮራሉ መንጣት ሲጀምር ነው። በቢላ ቢፍቃት ከየቁራጯ ሌላ በቀለች።

ትናንት ኮራሉ ሞተ።

ዛሬ ልኬለሽ ምሳ አቀረበች። ሽመክት አንዴ ጎረሰና ቀና ብሎ አያት።

«ጨው አለው» አላት።

«አዎ» አለችው፣ ባዶውን ገንዳ ላለማየት አቀርቅራ። «ከእንግዲህ ለማን ብዬ ልቆጥበው?»